ምርምራችሁ ላይ እንስሳ ካለ፦ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚቀርብ ፕሮቶኮል አዘገጃጀት

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእንስሳት ላይ ምርምር የሚያደርግ ሰው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፕሮቶኮል የሚባል ረጅም ቅጽ ይጠብቀዋል። ብዙው ሰው ቅጹን እንደ አንድ የቢሮ ጣጣ ያየዋል። ከፕሮፖዛሉ ላይ ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፣ አማካሪውን ያስፈርማል፣ ያስገባል። ሲመለስበት ደግሞ «እነዚህ ሰዎች ሳይንስ አይገባቸውም» ብሎ ይናደዳል።

ቅጹ የሚመለሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳይንሱ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ወረቀቱ ላይ እንስሳው ስለሌለ ነው። ስለ መድኃኒቱና ስለ ሞለኪዩሉ ገጽ ሙሉ ተጽፏል። አንዷ አይጥ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምን እንደሚደረግባት፣ ማን እንደሚይዛት፣ ብትታመም ማን እንደሚያያት ግን አልተጻፈም። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው። ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች ተብሎ የተጻፈ ነው፤ አማካሪዎችና አዲስ የኮሚቴ አባላትም ቢያነቡት አይጠሉትም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ማን ምን እንደሚጠይቃችሁ ለዩ

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በእንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራን የሚቆጣጠር ሕግ ቀድማ ያወጣችው ብሪታንያ ናት፣ በ1876። አሁን የምትሠራበት የ1986ቱ ሕግ ሦስት ፈቃድ ይጠይቃል፦ አንዱ ለተቋሙ፣ አንዱ ለፕሮጀክቱ፣ አንዱ እንስሳውን በእጁ ለሚነካው ሰው። አሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕጓን በ1966 አወጣች፤ እያንዳንዱ ተቋም ኮሚቴ እንዲያቋቁም በሕግ የተገደደው ግን በ1985 ነው። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የ2010 ነው። ዝርዝር ሕግ በሌለበት አገር ደግሞ የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት በ1985 ያወጣቸውና በ2012 የተሻሻሉት መርሆዎች ጥሩ መነሻ ናቸው።

ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት የኮሚቴውን ጽሕፈት ቤት ሦስት ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው የትኛው እንስሳ እንደሚቆጠር ነው። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት በአብዛኛው ቦታ ይቆጠራሉ። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ ኦክቶፐስና ዘመዶቹም ገብተዋል። ዚብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ በአውሮፓ ሕግ መቆጠር የምትጀምረው ራሷን ችላ መመገብ ስትጀምር፣ ማለትም ከተፀነሰች ወደ 5 ቀን ገደማ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። የ1966ቱ ሕግ ለምርምር ተብለው የተዳቀሉ አይጦችን አይቆጥርም። ያው ተመራማሪ ገንዘቡን ከፌዴራል የጤና ተቋማት ካገኘ ግን አይጦቹም ይቆጠራሉ። ስለዚህ «አይጥ ነው፣ ችግር የለውም» የሚል ምክር ከማንም አትቀበሉ።

ሁለተኛው የትኛው ሥራ እንደሚቆጠር ነው። ለማስተማሪያ የሚቆረጥ እንቁራሪት፣ ሜዳ ላይ ተይዞ የሚለቀቅ ወፍ፣ ለሌላ ጥናት ከሞተ እንስሳ የሚወሰድ ሕብረ ሕዋስ፣ እያንዳንዱ የየራሱ መልስ አለው። ሦስተኛው የገንዘብ ሰጪው ፍላጎት ነው። ኮሚቴው የማይጠይቀውን እሱ ሊጠይቅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን የትም ብትሄዱ ያው ነው። ኮሚቴ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈቅድም። ሥራው ካለቀ በኋላ «ጆርናሉ የፈቃድ ቁጥር ጠየቀኝ» ብሎ የመጣን ሰው ማንም ሊረዳው አይችልም።

2. ለማን እንደምትጽፉ እወቁ

ኮሚቴው ውስጥ የእንስሳት ሐኪም አለ። በእንስሳት የሚሠራ ተመራማሪ አለ። ከሳይንስ ውጭ ያለ ሰው አለ፣ የሕግ ወይም የፍልስፍና መምህር ሊሆን ይችላል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰውም አለ። በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ፖሊሲ መሠረት ኮሚቴው ቢያንስ 5 አባላት ሊኖሩት ይገባል፤ እነዚህ ሁሉ ወገኖችም መወከል አለባቸው።

ጽሑፋችሁን ለመጨረሻው ሰው ጻፉ። ሐኪሙና ተመራማሪው የጎደለውን ራሳቸው ሊሞሉት ይችላሉ። የውጭው ሰው አይችልም። ደግሞ ከባዱን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው እሱ ነው፦ «ይቺ አይጥ ከዚያ በኋላ ምን ትሆናለች?»

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ ቅጽ እንዲህ ይላል፦ «ስቴሪዮታክሲክ ኢንትራሴሬብራል ኢንጄክሽን ይደረጋል፤ ፖስት ኦፕሬቲቭ ኬር በስታንዳርዱ መሠረት ይሰጣል።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር እንስሳው ላይ የሚደርሰውን ማወቅ አይቻልም። ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አይጧ ሙሉ በሙሉ ትደነዝዛለች። ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስ በመያዣ ይደገፋል። በራስ ቅሏ ላይ በሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ በኩል መድኃኒቱ ወደ አንጎሏ ይገባል። ሥራው 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ማስታገሻ ከመንቃቷ በፊት ይሰጣታል። እስክትነቃና መራመድ እስክትጀምር ድረስ ከሥሯ አንነሳም፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ እናያታለን።» ሁለተኛው ይረዝማል። ግን የሚያስጠይቅ ነገር አላስቀረም።

3. ጥያቄያችሁ እውነት እንስሳ ይፈልጋል?

ብሪታንያውያኑ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ሦስት መርሆዎችን አስቀመጡ። ዛሬ የትኛውም ኮሚቴ በእነሱ ይሠራል፦ መተካት፣ መቀነስ፣ ማሻሻል። እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት ከቻላችሁ ተኩ። ካልቻላችሁ ቁጥሩን ቀንሱ። የቀሩት ላይ የሚደርሰውን ሥቃይ ደግሞ አቅልሉ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው።

መተካትም መቀነስም ሕልም አይደሉም። የአንድ ኬሚካል መርዛማነት ድሮ የሚለካው ከእንስሳቱ ግማሹን የሚገድለውን መጠን በመፈለግ ነበር፤ ዘዴው ከ1927 ጀምሮ ሠርቷል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ይህን ጥንታዊ ፈተና በ2002 መጨረሻ ላይ ከመመሪያው አወጣው፤ ያነሰ እንስሳ የሚጠይቁ ዘዴዎች ተኩት። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ትኩሳት የሚያመጣ ብክለት እንዳለበት ለማወቅ ጥንቸል ላይ ወግቶ ሙቀቷን መለካት የተለመደ ነበር። ዛሬ ከሰው ደም የተወሰዱ ሴሎችን የሚጠቀም ምርመራ አለ።

ኮሚቴው እዚህ ጋ የሚፈልገው መሐላ ሳይሆን የፍለጋችሁን ማስረጃ ነው። የትኛውን የመረጃ ቋት፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቃላት ፈለጋችሁ? ምን አገኛችሁ? ያገኛችሁት ለእናንተ ጥያቄ ለምን አልበቃም? «አማራጭ ዘዴ» የሚለውን ቃል ብቻ መፈለግ ፍለጋ አይባልም። የራሳችሁን ጥያቄ ውሰዱ፣ ለምሳሌ የቁስል አዳዳን፣ ከዚያ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ሴል ከልቸር (ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድጉ ሴሎች)፣ ኦርጋኖይድ (ከሴል የሚሠራ ትንሽ የአካል ክፍል አምሳያ)፣ የኮምፒውተር ሞዴል እያላችሁ አንድ በአንድ ሂዱበት። ከቄራ የሚገኝ ሕብረ ሕዋስ መሥራት አለመሥራቱንም ተመልከቱ። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መልሱ «አዎ፣ እንስሳ ያስፈልጋል» ከሆነ ምክንያቱን በግልጽ አስቀምጡ። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ነርቭና የደም ዝውውር አብረው በሚሠሩበት ጊዜ ብቻ የሚታይ ነገር አለ። ባሕርይም በሴል ከልቸር አይጠናም። ግን «ቀደም ሲል ሌሎች በአይጥ ስለሠሩ» ምክንያት አይሆንም።

4. ቁጥሩን በስሌት አሳዩ

ብዙ ፕሮቶኮል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

«በየቡድኑ 6» የሚባል ልማድ አለ። ከየት እንደመጣ ስትጠይቁ «ያለፈው ቴሲስ ላይ 6 ነበር» ይባላል። ብዙ እንስሳ መጠቀም ጥፋት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ትንሽ መጠቀም ያው ጥፋት መሆኑ ግን አይታሰብም። ጥናቱ መልስ መስጠት ካልቻለ እነዚያ 6 እንስሳት በከንቱ ሞቱ ማለት ነው።

የተለመደው ስሌት አራት ነገር ይፈልጋል። ቁም ነገር የምትሉት ትንሹ ልዩነት ስንት ነው? ልኬቱ ከእንስሳ እንስሳ ምን ያህል ይለዋወጣል? ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የታወቁ ናቸው፦ ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድል 5 በመቶ፣ ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል 80 በመቶ። ጂ ፓወር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ቀሪውን ይሠራል። ሁለት ቡድን ብቻ ብታወዳድሩና የምትፈልጉት ልዩነት ከልኬቱ መደበኛ ልይይት (ልኬቶቹ ከአማካዩ ከሚርቁበት የተለመደ መጠን) ጋር እኩል ቢሆን በየቡድኑ 17 ያስፈልጋችኋል። ልዩነቱ በግማሽ ሲያንስ ቁጥሩ ወደ 64 ይዘላል። በየቡድኑ በ6 እንስሳ ብቻ ከሠራችሁ ደግሞ ልዩነቱ በእርግጥ ቢኖር እንኳ የማግኘት ዕድላችሁ ከግማሽ በታች ነው። ሳንቲም መወርወር ይሻላል።

መለዋወጡን ከየት ታገኛላችሁ? ከራሳችሁ ላብራቶሪ የቀድሞ መረጃ፣ ካልሆነም ከታተመ ጥናት። ሁለቱም ከሌሉ አነስተኛ የሙከራ ጥናት ለማድረግ ፈቃድ ጠይቁ። አዲስ ዘርፍ ላይ ለምትሠሩ አንድ ቀለል ያለ ዘዴም አለ። ከጠቅላላው የእንስሳት ቁጥር የቡድኖቹን ቁጥር ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 20 መካከል ይሁን። 4 ቡድን በ5 እንስሳ 20 ይሆናል፤ 4 ሲቀነስ 16፣ ጥሩ ነው። 4 ቡድን በ3 ከሆነ 8 ይመጣል፣ ያንሳል። 4 ቡድን በ8 ከሆነ 28፣ ይበዛል። ይህ ዘዴ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ትክክለኛውን ስሌት መሥራት እየቻላችሁ እሱን ብታቀርቡ የስታቲስቲክስ ሰው ይይዛችኋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ጎበዝ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ምን እየቆጠራችሁ ነው? መድኃኒቱን ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ ለ4 ኬጅ ሰጣችሁ እንበል፣ በየኬጁ 5 አይጥ አለ። የናሙናው መጠን 20 አይደለም፣ 4 ነው። መድኃኒቱ የተሰጠው ለኬጁ ነውና። መድኃኒቱን ለእርጉዝ እናት ሰጥታችሁ ግልገሎቹን ብትለኩም የሚቆጠሩት እናቶቹ ናቸው። ይህን መጀመሪያ ካላያችሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ገምጋሚ ያያል፤ ያኔ ማስተካከል አይቻልም።

የዘር ማዳቀል ካለባችሁ ትርፎቹንም ቁጠሩ። አንድ የተለወጠ የጂን ቅጂ ካላቸው ወላጆች ሁለቱንም ቅጂ የሚወርሰው ከ4 ልጅ አንዱ ነው። 16 እንስሳ ከፈለጋችሁ 64 ገደማ መወለድ አለባቸው። የቀሩት 48 ወዴት ይሄዳሉ? መልሱ ቅጹ ላይ ይኑር።

ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ ከመረጣችሁ ምክንያት ስጡ። «የሴቷ ሆርሞን ያስቸግራል» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ማን የቱ ቡድን እንደሚገባ በዕጣ ይወሰን፤ ውጤቱን የሚለካው ሰውም የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ።

5. የአንዷን አይጥ መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉ

እኔ ፕሮቶኮል ሳነብ መጀመሪያ የምሄደው እዚህ ክፍል ነው። አንዷን እንስሳ ምረጡ፤ ከገባችበት ቀን እስከምትወጣበት ቀን የሚደርስባትን ሁሉ በቀንና በሰዓት አስቀምጡ።

መጓጓዝ እንስሳውን ያስጨንቀዋል። የልብ ምቱም ሆርሞኑም ይዛባል። ስለዚህ ከመጣ በኋላ ሥራ ሳይጀመር የሚያርፍባቸውን ቀናት መድቡ። ከስንት ጋር ነው የሚኖረው? አይጥ ብቻዋን መኖር አትወድም፤ ብቻዋን ካደረጋችኋት ምክንያቱን ጻፉ። የጎጆ መሥሪያ ወረቀት ወይም ጥጥ ታገኛለች? ላብራቶሪው ለሰው የሚመች 22 ዲግሪ ቢሆን ለአይጥ ብርድ ነው፤ ጎጆዋን ስትሠራ ራሷን ታሞቃለች።

አያያዝም አለ። አይጥን በጭራ ማንሳት የብዙ ላብራቶሪ ልማድ ነው። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት በጭራ የተያዙ አይጦች ከሰው ይሸሻሉ፣ ይጨነቃሉ። በአጭር ቱቦ ወይም በተሰበሰበ መዳፍ የተነሱት ግን ወደ ሰው ይቀርባሉ። ቱቦው ርካሽ ነው። ባሕርይ የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ በጭራ የተያዘች አይጥ የምትሰጣችሁ የጭንቀት መረጃ ነው፤ መድኃኒቱ ምን እንዳደረገ አትለዩም።

ደም የምትወስዱ ከሆነ ሒሳቡን አሳዩ። አንድ 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ያላት ጠቅላላ ደም 1.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ አለመውሰድ የተለመደ ገደብ ነው፤ ማለትም 0.18 ሚሊ ሊትር አካባቢ። «በየሳምንቱ 0.5 ሚሊ ሊትር» የሚል ቅጽ ለመመለሱ ጥርጥር የለውም። ምርመራችሁ ብዙ ደም ከጠየቀ ምርመራውን ቀይሩ፣ ወይም ደሙን አይጧ ደንዝዛ ሳትነቃ በምታልፍበት የመጨረሻው ቀን ብቻ ውሰዱ።

መርፌ ከሆነ በየት በኩል፣ ምን ያህል፣ በስንት ቁጥር መርፌ፣ በቀን ስንት ጊዜ። ቀዶ ጥገና ከሆነ የማደንዘዣው ስምና መጠን፣ መደንዘዟ የሚረጋገጥበት መንገድ፣ የምትሞቅበት ዘዴ፣ ዓይኗ እንዳይደርቅ የሚደረገው። ይህን ሁሉ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተቀመጡና ጻፉት። ሐኪሙ ቅጹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በስብሰባ ቀን ከሆነ ዕድላችሁን አበላሽታችኋል።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። «ማስታገሻ ውጤቱን ያዛባል» የሚለው አባባል በጣም ይወደዳል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልፈተሸውም። ሕመም ራሱ ውጤት ያዛባል፤ የምግብ ፍላጎትን፣ እንቅልፍን፣ የበሽታ መከላከያን ይነካል። ማስታገሻ አንሰጥም የምትሉ ከሆነ የታተመ ማስረጃ አቅርቡ። ያንዱ መድኃኒት ዓይነት ካስቸገረ ሌላ ዓይነት መኖሩንም አሳዩ።

6. የሕመም ሰንጠረዥና የማቆሚያ ነጥብ

የማቆሚያ ነጥብ ማለት እንስሳው እዚህ ከደረሰ ከጥናቱ ይወጣል፣ ወይ ይታከማል ወይ ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ይደረጋል ማለት ነው። «እንስሳቱ በጣም ከታመሙ» የሚል ቃል ነጥብ አይደለም። በጣም ማለት ምን ያህል ነው? ለማን?

ችግሩ አይጥ ሕመሟን መደበቋ ነው። ለአዳኝ የምትታደን እንስሳ ናት፤ ሰው ሲገባ ቀጥ ትላለች። በ2010 የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይጥን ሕመም ከፊቷ ለማንበብ የሚያስችል መለኪያ አወጡ። አምስት ነገር ይታያል፦ የዓይን መጨፈን፣ የአፍንጫ ማበጥ፣ የጉንጭ ማበጥ፣ የጆሮ አቀማመጥ፣ የጢም አቅጣጫ። እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል። ለጥንቸልና ለፈረስም ተመሳሳይ መለኪያ ተሠርቷል። ጎጆዋንም ተመልከቱ፤ ጤነኛ አይጥ አዲስ ጥጥ ሲሰጣት ትፈታዋለች፣ የታመመች ትተወዋለች።

ሰንጠረዡን ቀላል አድርጉት። ክብደት፦ ከመነሻው 10 በመቶ ከቀነሰ 1 ነጥብ፣ 15 በመቶ 2 ነጥብ፣ 20 በመቶ ከሆነ ወዲያው ይቆማል። ጸጉር፦ ለስላሳ 0፣ የተንጨበረረ 1። አቀማመጥ፦ የተለመደ 0፣ ጀርባዋን ያጎበጠች 2። እንቅስቃሴ፦ ሲነኳት ካልተንቀሳቀሰች ወዲያው ይቆማል። ከሥሩ ደግሞ ድምሩ 2 ሲሆን ምን፣ 4 ሲሆን ምን እንደሚደረግ ጻፉ። ቁጥሮቹን ለራሳችሁ ሥራ አስተካክሉ፤ ዕጢ የምታሳድጉ ከሆነ የዕጢው መጠን ይግባ። ዕጢው ሲያድግ የአይጧ ክብደት ላይቀንስ ይችላልና ሚዛኑን ብቻ አትመኑ።

ከዚያ ለሦስት ጥያቄ መልስ ስጡ። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓል ቀን ማን ያያል? የሚያየው ሰው ማን ጋ ይደውላል? የተደወለለት ሰው ስልክ ባያነሳስ? የመጨረሻው መልስ «ተንከባካቢው ወይም ሐኪሙ ዋና ተመራማሪውን ሳይጠብቅ መወሰን ይችላል» መሆን አለበት። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ተመራማሪ ካለ ኮሚቴው በደንብ ሊያነጋግረው ይገባል።

እንስሳው ራሱ እስኪሞት መጠበቅ የግድ ነው የምትሉ ከሆነ ከባድ ክርክር ይጠብቃችኋል። ሞትን አስቀድሞ የሚያመለክት ምልክት፣ እንደ የሰውነት ሙቀት መውረድ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

በአውሮፓ ሕግ የሥቃዩ መጠን በአራት ይመደባል፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ እና ከማደንዘዣ ሳይነቃ የሚያልፍ። በዚህ ሥርዓት የማትሠሩ ብትሆኑም ምደባውን ሞክሩት። ቀላል ነው ብላችሁ ያሰባችሁት ነገር ስትጽፉት መካከለኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

7. አሟሟት

ዘዴው ከታወቀ መመሪያ ይወሰድ፤ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በሰፊው ይሠራበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተጠቀማችሁ ጋዙ ቀስ እያለ ይግባ፤ መመሪያው በደቂቃ ከሳጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ ይላል። አስቀድሞ በጋዝ የተሞላ ሳጥን ውስጥ መክተት አይፈቀድም። ገና የተወለዱ ግልገሎች ይህን ጋዝ ለረጅም ጊዜ ይቋቋማሉ፣ ለእነሱ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ሞቱ በሁለተኛ ዘዴ ይረጋገጥ። ማን እንደሚያደርገውና የት እንደሠለጠነም ይጻፍ። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ለትንሹ ተማሪ ይጣላል፤ ተገቢ አይመስለኝም።

8. ሜዳ ላይ ለምትሠሩ

የዱር እንስሳ ጥናት የራሱ ጣጣ አለው። ከኮሚቴው በተጨማሪ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ወጥመዱ ወይም መረቡ በየስንት ሰዓቱ ይታያል? ያልታሰበ እንስሳ ቢያዝስ? ወፍ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ከክብደቷ ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዳይበልጥ የተለመደ ነው። የቆሰለ እንስሳ ቢያጋጥም ምን እንደምታደርጉ ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ። ጫካ ውስጥ ሆኖ ስልክ አይሠራም።

9. ማስገባትና መልስ መስጠት

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለማየት እንደገና አንብቡት፦ ቁጥሮቹ ይገጥማሉ? ሰንጠረዡ 48፣ ማብራሪያው 56፣ በጀቱ 60 ይላል። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ አንባቢውም ቀሪውን በጥርጣሬ እንዲያነብ ያደርገዋል።

መልሱ ከአራት አንዱ ነው፦ ጸድቋል፣ ተስተካክሎ ይቅረብ፣ ለሌላ ስብሰባ ተላልፏል፣ አልጸደቀም። አብዛኛው ሁለተኛው ነው፤ አትደንግጡ። ለእያንዳንዱ አስተያየት ለየብቻ መልሱ፤ ፕሮቶኮሉ ውስጥ የት ቦታ እንደለወጣችሁም አሳዩ። በደብዳቤ አስረድቶ ቅጹን እንዳለ መተው አይሠራም፤ ላብራቶሪው ውስጥ የሚሠራበት ቅጹ እንጂ ደብዳቤው አይደለም። በአስተያየቱ ካልተስማማችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ተከራከሩ። ጥሩ ኮሚቴ ይሰማል።

የኮሚቴ አባል ከሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁ ወይም የቅርብ ባልደረባችሁ ፕሮቶኮል ሲቀርብ ከክፍሉ ውጡ። ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ እናንተ እያላችሁ ሌላው በነፃነት አይናገርም።

10. ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ

የጸደቀው ቅጽ ቅጂ እንስሳቱ ያሉበት ክፍል ውስጥ ይኑር። እዚያ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ ቅዳሜ የሚመጣውም ጭምር፣ የማቆሚያ ነጥቦቹን አንብቦ ይፈርም።

መጠኑን፣ ዘዴውን፣ ቁጥሩን ወይም የሚሠራውን ሰው መለወጥ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የማሻሻያ ጥያቄ አስገቡ። «ትንሽ ለውጥ ናት» ብሎ ማለፍ ነው ወደ ትልቅ ጣጣ የሚወስደው። ያልታሰበ ሞት ካጋጠመ ወዲያው አሳውቁ። ኮሚቴዎች የሚያዩት ሞቱን ብቻ አይደለም፣ መደበቁንም ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሚቴው የእንስሳት ቤቱን ቢያንስ በየ6 ወሩ ይጎበኛል፤ ሌላ ቦታ ድንገተኛ ጉብኝትም አለ። መዝገባችሁ በዕለቱ የተሞላ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። ዓርብ ማታ ተቀምጠው የሳምንቱን የሞሉት መዝገብ ግን ከእስክሪብቶው ቀለም ያስታውቃል።

ውጤቱን በጽሑፍ ስታወጡት አራይቭ የሚባለውን፣ የእንስሳት ጥናት ሪፖርት ላይ መግባት ያለባቸውን ነጥቦች የያዘ ዝርዝር ተከተሉ። በ2010 ወጥቶ በ2020 ተሻሽሏል፤ በአዲሱ ላይ 10 የማይታለፉ ነጥቦች አሉ። እንስሳቱ በዕጣ መመደባቸውን፣ ከጥናቱ የወጡት ስንት እንደሆኑና ለምን እንደወጡ ይጠይቃል። በ24 እንስሳ ጀምራችሁ ውጤቱ ላይ 21 ካሉ፣ ሦስቱ ምን እንደሆኑ ጻፉ። የተረፈ ሕብረ ሕዋስ ካለም በቁጥር ለይታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ፤ የሌላ ሰው ጥያቄ በእሱ ሊመለስ ይችላል።